የጋሽ ደበላ ስንዝር

የዕድራችን ጡሩምባ ነፊ ስም አጥርቶ መጥራት አይሆንለትም። ግማሹን ለነፋስ፣ ግማሹን ለውሻ ጩኸት ሰጥቶ ነው የሚያልፈው። የዚያን ዕለት ማለዳ ግን ልክ በራፌ ላይ ሲደርስ አጥርቶ ጠራ። «አቶ ደበላ ጉርሙ ዐርፈዋል! ቀብር ስድስት ሰዓት!»

አልጋዬ ላይ ተነሥቼ ተቀመጥኩ። ዕንባ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ የመጣው ንዴት ነው። ሰውዬው ዕድሜ ጠግበው፣ በቤታቸው፣ በአልጋቸው ላይ ነው የሞቱት፤ በዚህ የሚናደድ የለም። እኔን ያናደደኝ ሳላደርገው የቀረሁት ነገር ነው። እሳቸው በሕይወት እያሉ፣ አንድ ቀን ሰው በተሰበሰበበት እናገረዋለሁ ያልኩት ነገር ነበረኝ። ዛሬ ነገ ስል ጡሩምባው ቀደመኝ።

የባሰው ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ጠበቀኝ። የሕይወት ታሪካቸውን ሊያነብ የተነሣው የዕድራችን ጸሐፊ ምትኩ ነበር። ግራጫ ሱፉን ለብሶ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አሳርፎ፣ ድምፁን አለስልሶ አነበበ። የት እንደተወለዱ፣ መቼ እንዳገቡ፣ ስንት ልጅና የልጅ ልጅ እንዳዩ ቆጠረ። «በፍራፍሬ ልማት ዘርፍ ለረጅም ዓመታት በትጋትና በታማኝነት ያገለገሉ፣ በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ የተወደዱና የተከበሩ» አለ። ከዚያ ወረቀቱን አጠፈ። በቃ። አስራ አንድ ወር ዘለለ። የዘለለውን አስራ አንድ ወር ከዚያ ሁሉ ቀባሪ መሐል ከኔና ከባለቤታቸው በቀር በደንብ የሚያውቀው ራሱ ምትኩ ነበር።

ስለ ጋሽ ደበላ ስጽፍ «አንቱ» እላለሁ፤ ስለ ምትኩ ስጽፍ አልልም። ዕድሜውማ ይበቃው ነበር፤ እኔ ነኝ የነፈግሁት።

ለምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ከመጀመሪያው ልጀምር።

ዛሬ ከኢምፔሪያል ወደ ገርጂ ሲገባ ሕንፃ በሕንፃ ላይ የተደገፈበት ቦታ፣ ያኔ የኮክ እርሻ ነበር። አራት መቶ የሚሆን ዛፍ። የአንድ መኳንንት ርስት ነበረ፤ ደርግ መሬት ሲወርስ አብሮ ተወረሰና የመንግሥት የፍራፍሬ ጣቢያ የሚል ሰሌዳ ተሰቀለበት። መኳንንቱ ሄዱ፣ ሰሌዳው መጣ፣ ጋሽ ደበላ ግን እዚያው ነበሩ። ከአራት መቶው ዛፍ በእጃቸው ያልተከሉት ጥቂት ነው። ጣቢያው ሲቋቋም «የአትክልት ሠራተኛ» ብሎ መዘገባቸው፤ የተከሉትን ውሃ እንዲያጠጡ ቀጠራቸው ማለት ነው።

እኔ ከእርሻ ኮሌጅ በዲፕሎማ ተመርቄ፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ የጣቢያው ቴክኒሺያን ሆኜ ተመደብኩ። የመጀመሪያው ቀን አዲስ ደብተሬን ከፍቼ፣ «ጋሽ ደበላ፣ ለአንድ ዛፍ በዓመት ስንት ኪሎ ዩሪያ ነው የሚሰጡት? መዝገቡስ የት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ረጅም፣ ከሲታ ሰው ነበሩ። እጃቸው ብቻ የሌላ ሰው ይመስል ነበር፤ አካፋ ያክላል። ሊመልሱልኝ አፋቸውን ሲከፍቱ ከቦሌ የተነሣ አውሮፕላን በላያችን አለፈ። ጋሽ ደበላ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት ዝም ብለው ቆሙ። ድምፁ ሙሉ ለሙሉ እስኪጠፋ ጠበቁ። ይህ ልማዳቸው ነበር፤ በቀን ስንት ጊዜ ቢያልፍም ከአውሮፕላን ጋር እየተጯጯሁ አያወሩም፤ ሲያልፍ ካቆሙበት ቃል ይቀጥላሉ።

«መዝገቡ ይኸው» አሉና ካጠገባቸው ካለው ዛፍ አንድ ቅርንጫፍ ጎንበስ አደረጉ። የዘንድሮው ቀንበጥ ከአምናው እንጨት የሚለይበትን፣ ቆዳው ቀለም የሚቀይርበትን ቦታ በጥፍራቸው አሳዩኝ። ከዚያ አንሥተው እስከ ጫፉ በስንዝር ለኩት። «አንድ። ሁለት። ትንሽ ትርፍ አለው። ይኼ አልራበውም፣ አልጠገበምም። ዘንድሮ ግማሽ ጣሳ ይበቃዋል።»

ሕጋቸው ይኸው ነበር። ቀንበጡ አንድ ስንዝር ካልሞላ ዛፉ ርቦታል፣ ስጪው። ሦስት ከሞላ ጠግቧል፣ አትንኪው። በመሐል ያለውን እያየሽ። በትከሻቸው በሲባጎ የታሰረ የቲማቲም ጣሳ አንጠልጥለው ይዞሩ ነበር። ዩሪያውን፣ ያንን እንደ ጨው የነጣውን ማዳበሪያ፣ በጣሳው ሰፍረው ግንዱ ሥር ሳይሆን የቅርንጫፉ ጥላ በሚያርፍበት ዙሪያ ይበትኑና አፈር ያለብሱታል። «ዛፍ የሚበላው በእግሩ ጣት ነው፤ ተረከዙ ላይ ብታፈሺበት ታቃጥይዋለሽ እንጂ አያጠግበውም» ይሉ ነበር።

ማዳበሪያ አይጠሉም ነበር። ይህን አስረግጬ የምናገረው በኋላ «የሳይንስ ጠላት» የሚል ክስ ስለተለጠፈባቸው ነው። ቅጠሉ ገርጥቶ ቀንበጡ ከጣት የማይረዝም ዛፍ ካዩ፣ በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው እየተመላለሱ በክረምቱ ውስጥ ሦስት ጊዜ ከፋፍለው ይሰጡታል። ሞቷል ብዬ በደብተሬ የሰረዝኩት አንድ ዛፍ በሁለተኛው ዓመት ሁለት ቅርጫት ኮክ ሲሰጥ በዓይኔ አይቻለሁ። የሳይንስ ጠላት! እኔ በማስመሪያ ስንዝራቸውን ለክቼ ከኮሌጅ መጽሐፌ ጋር ሳስተያየው፣ ሰውዬው ከመጽሐፉ ጋር ተማክረው የሠሩ ነበር የሚመስለው። መጽሐፉን ደግሞ ማንበብ አይችሉም።

«ዲፕሎማ» ነበር የሚሉኝ። «ነይ ዲፕሎማ፣ እስቲ ይቺን አንብቢልኝ» ብለው ቅርንጫፍ ያስይዙኛል። እለካለሁ። «አራት» እላለሁ። ይስቃሉ። «ያንቺ ስንዝር የድመት ነው። ያንቺ አራት የኔ ሦስት ነው። ይኼን ደብተርሽ ላይ ጻፊ።» ጻፍኩ።

ምትኩ የመጣው በሁለተኛው ዓመቴ ነው። የጣቢያው ካድሬ ሆኖ። ከዚያ በፊት የት እንደነበረ አላውቅም፤ ኮክ ዛፍ ላይ ሲያይ ያ የመጀመሪያው እንደነበረ ግን እመሰክራለሁ። ካኪ ልብሱ መታጠፊያው ሁልጊዜ እንደ ቢላ ነው። እርሻውን የሚጎበኘው ከመኪና መንገዱ ላይ ቆሞ ነበር። በመጣ በሳምንቱ፣ «ዛፎቹ ከመንገድ ሲታዩ ደካማ ናቸው፤ አረንጓዴነት ይጎድላቸዋል» አለ። ዛፍ የሚተከለው ለመንገደኛ ይመስል።

የምርት ዘመቻ የሚባል ነገር ታውጆ ነበርና በሰኔ አጋማሽ ሁላችንንም ለውይይት ክበብ ጠራን። ስብሰባው የሚካሄደው በመሣሪያ መጋዘኑ ውስጥ ነው፤ አካፋና ዶማ መሐል አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ። ምትኩ ተነሣ።

«ጓዶች! ለአንድ ዛፍ አንድ ጣሳ እየሰጠን ይኼን ያህል ካገኘን፣ ሦስት ጣሳ ብንሰጠው ስንት እጥፍ እናገኛለን?»

«ሦስት እጥፍ!» አለ መጋዘኑ ባንድ አፍ።

«ተፈጥሮን?»

«በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን!»

ጋሽ ደበላ እጃቸውን አወጡ። ያን የሚያክል እጅ ሲወጣ እንዴት አይታይም። «ጓድ ምትኩ፣ እንደው በኛ አገር ላም ከልክ በላይ ከሰባች አትይዝም። ኮርማ ቢያድርባት አትይዝም። ኮክም እንደዚያው ነው። ሦስት ጣሳ ከሰጠነው እንጨትና ቅጠል ይሆናል፤ ቅጠል ደግሞ አይበላም። ደግሞም…» አውሮፕላን መጣ። ቆመው ጠበቁ። ሰውም ልማዳቸውን ያውቃልና አብሮ ጠበቀ፤ ምትኩ ብቻ ሰዓቱን አየ። ድምፁ ሲጠፋ ቀጠሉ፤ «ደግሞም ዛፉ ስብሰባ አልገባም። እኛ ብንወስን እሱ አልሰማም።»

መጋዘኑ በሳቅ ፈረሰ። ምትኩ አልሳቀም፤ ማስታወሻው ላይ የሆነ ነገር ጻፈ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ጓድ ሙሉ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ሳይንሱ ምን ይላል?»

ሳይንሱ ምን እንደሚል አውቅ ነበር። በመጨረሻው ዓመት ፈተናዬ ላይ መጥቶልኛል። ዩሪያ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሲበዛ ዛፉ ኃይሉን ሁሉ ቅጠልና ቀንበጥ ላይ ያፈሰዋል፤ የአበባ እምቡጡ ያንሳል፤ እንደምንም የያዘው ፍሬም ይዘገያል፣ ቀለም አይዝም፣ ውሃ ይሆናል፣ ቶሎ ይበሰብሳል። ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ለምትኩ የመለስኩት ግን፣ «ናይትሮጅን ለዕድገት አስፈላጊ ነው» የሚል ነበር። ውሸት አይደለም። ውሸት ያልሆነ ነገር ተናግሮ የመዋሸትን ያህል የሚያስጠላኝ ነገር ዛሬም የለም። ድምፅ ሲሰጥ እጄን አወጣሁ። ሦስቱ ጣሳ በጭብጨባ ጸደቀ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ምትኩ እያየኝ ስለነበር ጠንከር አድርጌ አጨበጨብኩ።

ጋሽ ደበላ ሲወጡ ባጠገቤ አልፈው፣ «እንዲህ ነው ዲፕሎማ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዩሪያው ሐምሌ ላይ ተበተነ፤ መስከረም ላይ ተደገመ። ዛፎቹ አበዱ። ቅጠላቸው ወደ ጥቁር ያደላ አረንጓዴ ሆነ። ቀንበጡ በጋሽ ደበላ ስንዝር አምስት፣ ስድስት ደረሰ፤ ወደ ሰማይ ቀጥ ብሎ እንደ አለንጋ ወጣ፤ ውስጡ ፀሐይ የማይገባበት ጫካ ሆነ። ለጋው ላይ ክሽክሽ የሚሉት ጥቃቅን ተባይ ሰፍሮ ቅጠሉን ጠቀለለው። ምትኩ ግን ተደሰተ። እንግዳ ባመጣ ቁጥር መንገዱ ላይ አቁሞ፣ «ተመልከቱ! አምና ምን ነበረ፣ ዘንድሮ ምን ሆነ!» ይላል። ከመንገድ ሲታይ በእርግጥ ያምር ነበር።

ጥቅምት ላይ ደብተሬን ይዤ ስዞር ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ከመንገድ የማይታዩ አስራ ሁለት ዛፎች ምንም እንዳልሆኑ አየሁ። ለካሁ። በእኔ ስንዝር ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት ተኩል። ጋሽ ደበላን ጠራኋቸው። አልካዱም። ወደ መጋዘኑ ወሰዱኝና የመርጫ ፓምፖቹ ኋላ ሸራ ገለጡ፤ አፉ ያልተፈታ አንድ ጆንያ ዩሪያ ተቀምጧል።

«የእነሱ ድርሻ ይኸው። አልሰረቅሁም፣ አልሸጥሁም፣ ለሰጪዎቹ አስቀመጥሁላቸው። አራት መቶ ልጅ ሲያብድብሽ አስራ ሁለቱን እንኳ ደብቀሽ ማትረፍ አለብሽ።»

«ቢያውቁብዎትስ ጋሽ ደበላ? ያስሩዎታል እኮ!»

«የሚያውቁት ሲያፈራ ነው። ያን ጊዜ ዛፉ ራሱ ይናገራል፤ እኔና አንቺን ምን አስለፈለፈን። አንቺ ብቻ ዝም በይ።»

«እሺ» አልኩ።

ጥር ላይ አስራ ሁለቱ ዛፎች ሮዝ አበባ ለበሱ። የቀሩት እዚህም እዚያም አንዳንድ አበባ ጣል አደረጉና ወደ ቅጠላቸው ተመለሱ። ሰኔ ሲገባ እርሻው ሁሉ ለምለምና ባዶ ነበር። ከመጋዘኑ ጀርባ ግን ቅርንጫፎቹ ከፍሬ ብዛት እንዳይገነጠሉ ጋሽ ደበላ በባላ ደግፈዋቸዋል።

የበላይ አካል ሊጎበኝ ይመጣል የተባለው በዚያ ሰሞን ነው። ምትኩ ሦስት ቀን እንቅልፍ አጣ። በአራተኛው ቀን አስራ ሁለቱን ዛፎች አገኛቸውና በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዛፍ አጠገብ ቆመ። እንዴት እንዳፈሩ አልጠየቀም። «ሁሉንም ልቀሙ!» ብቻ አለ። ቅርጫት ሙሉ ኮክ፣ ቀይ ጨርቅ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ተደረደረ። እንግዶቹ ተቀመጡ። ምትኩ አንድ ትልቅ ኮክ ከፍ አድርጎ ያዘና፣ «ጓዶች፣ ይኼ የሦስት ጣሳ ውጤት ነው!» አለ።

ጋሽ ደበላን አየኋቸው፤ ከሠራተኛው ኋላ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ያን ውሸት ዝም ብዬ ከሰማሁ፣ ያቺ መጋዘን ውስጥ ያወጣኋት እጄ ለዘላለም ወጥታ እንደምትቀር ተሰማኝ። ዝም በይ መባሌን ረሳሁት ማለት አልችልም። አልረሳሁም። ይመሰገናሉ ብዬ ነው። ሳይንሱን ካሳየኋቸው፣ ቁጥሩን ካቀረብኩላቸው፣ ጋሽ ደበላን ጠርተው የሚጨብጧቸው መስሎኝ ነው። እንዲህ ያለ ቂል ኮሌጅ ነው የሚያመርተው።

ደብተሬን ይዤ ወደ ፊት ወጣሁ። «ይቅርታ ጓዶች፣ ይኼን ኮክ ዩሪያ አልነካውም» አልኩ። የቀንበጡን ርዝመት፣ የአበባውን ቁጥር፣ የአራት መቶውንና የአስራ ሁለቱን ልዩነት አንድ በአንድ አነበብኩ። በዕድሜዬ እንደዚያች ደቂቃ ኮርቼ አላውቅም። «አስራ ሁለቱን ያተረፏቸው ጋሽ ደበላ ናቸው» አልኩና በጣቴ አሳየኋቸው።

የእንግዶቹ አለቃ ረጋ ያለ ሰው ነበር። የገመጠውን ኮክ ዋጠና፣ «እንግዲያው ሦስት ጣሳ እንዲሰጥ ውሳኔ ነበረ?» አለኝ።

«አዎ፣ ግን…»

«ውሳኔውን ያልፈጸመው ይኼ ሰው ነው?»

«ዛፉ ስላልተሰጠው እኮ ነው ያፈራው!»

«ስለ ፍሬው አልጠየቅሁሽም» አለ።

ምትኩ ከሁላችንም ቀድሞ ነቃ። «የኢኮኖሚ አሻጥር ነው!» ብሎ ጮኸ። «ጓዶች፣ ይኼን አሻጥር በንቃት ያጋለጠችው የኛው ቴክኒሺያን፣ ጓድ ሙሉ ናት!» መጥቶ እጄን ጨበጠ። ተጨበጨበልኝ። ደብተሬን ደረቴ ላይ አቅፌ ቆሜ ተጨበጨበልኝ። ከመጋዘኑ ያ ጆንያ ወጥቶ ከኮኩ ጎን ተቀመጠ። ማስረጃው ሁለት ነበር። ጆንያውን አሸጉት። ኮኩን በሉት። ሰውዬውን ፊታቸው አቁመው እየጠየቁ፣ ጭማቂውን በመሐረብ እየጠረጉ በሉት።

«ምን ትላለህ?» አላቸው አለቃው።

«እኔ ምንም አልል» አሉ ጋሽ ደበላ። «ብሉ፣ ለመበላት ነው የተከልኩት። ብቻ ከበላችሁ በኋላ…» አውሮፕላን መጣ። እንደ ልማዳቸው ዝም ብለው ቆሙ። በዚያ ቀን ግን አብሮ የጠበቀ አልነበረም። ጫጫታው ሳያልፍ ሁለት ታጣቂዎች ብብታቸውን ይዘው ወደ መኪናው ወሰዷቸው። የዚያን ንግግር መጨረሻ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አስራ አንድ ወር በከፍተኛው፣ ከቀበሌ በላይ በነበረው ጽሕፈት ቤት፣ እስር ቤት ቆዩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጫልቱ በየቀኑ ስንቅ ይዘው በእግራቸው ይመላለሱ ነበር። አንድ ቀን ምግብ ሠርቼ ቤታቸው ሄድኩ። ሳህኑን ተቀበሉኝ፤ ሰላምታዬን አልተቀበሉኝም። እውነታቸውን ነው። እኔም በቢሮዬ ግድግዳ ላይ «ለአብዮታዊ ንቃት» የሚል የምስጋና ወረቀት ተሰቅሎልኝ ነበር፤ አውርጄ ለመቅደድ ፈራሁ። በየቀኑ ከሥሩ ተቀምጬ ሠራሁ።

ግንቦት ላይ ተፈቱና በቀን ሠራተኛነት ተመለሱ። ምትኩ በዚያ ጊዜ አድጎ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውሯል። ስለ ዩሪያ የሚያነሣ አልነበረም፤ ዘመቻው ወደ ሌላ ነገር ዞሯል። ጋሽ ደበላ ማንንም ሳያናግሩ በቀጥታ ወደ አንድ ዛፍ ሄዱ። ቀንበጥ ያዙ። ትንሿን ጣታቸውን ቀለሙ የሚቀየርበት ላይ አሳርፈው አውራ ጣታቸውን ሊዘረጉ ሞከሩ። አልተዘረጋም። ወደ መዳፋቸው ታጥፎ ቀርቷል። እንደገና ሞከሩ። ያ አካፋ የሚያክል እጅ አንድ ስንዝር መሙላት አቃተው። ምን እንዳደረጉት አልጠየቅሁም፤ አልነገሩኝምም።

«ጋሽ ደበላ፣ እኔ ነኝ… ይቅር ይበሉኝ» ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ።

«ማልቀሱን ቤትሽ ስትገቢ። ነይ ለኪልኝ።»

ለካሁ። «አራት።»

«ባንቺ ነው፣ በኔ?»

«በእኔ።»

«እንግዲያው ሦስት ነው። ጠግቧል፣ አትንኪው።»

ከዚያ ወዲያ ስድስት ዓመት አብረን ሠራን፤ እሳቸው ያያሉ፣ እኔ እለካለሁ። ዛፎቹ ሁለት ዓመት ዩሪያ ሳይቀምሱ ከርመው ወደ ልባቸው ተመለሱ፤ አፈሩም። ይቅር ብዬሻለሁ ግን አንድ ቀን አላሉኝም። አንድ ጊዜ ብቻ ጣሳውን እየሞላሁ ሳለ፣ «እውነት ጥሩ ነው ዲፕሎማ» አሉኝ። «ዩሪያም ጥሩ ነው። ለማን፣ መቼ፣ ስንት? አንቺ ያላየሽው እሱን ነው።» ሌላ አያስፈልገኝም ነበር።

ደርግ ወደቀ፣ እርሻው ተሸነሸነ፣ ዛፎቹ ለማገዶ ሄዱ። ምትኩ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ሰፈራችን ውስጥ ቤት ሠራ፣ ዕድራችን ገባ፣ ጽሕፈቱ ያምራል ተብሎ ጸሐፊ ሆነ። ጋሽ ደበላ በየወሩ ከፊቱ ቆመው መዋጯቸውን ይከፍሉ ነበር። «እንዴት ያስችልዎታል?» አልኳቸው አንድ ቀን በንዴት። «ዕድር ለሞት ነው፤ ለሞት ሰው አይመረጥም» አሉኝ። እሳቸው ቻሉት። እኔ አልቻልኩም።

በሠልስታቸው ድንኳኑ ሰው ሞልቶት ነበር። ምትኩ ያን ያነበበውን ወረቀት ቤተሰቡ በመስታወት እንዲያሰቅለው ይዞ መጣና ጎኔ ተቀመጠ። «ጥሩ ሰው አጣን ወይዘሮ ሙሉ» አለኝ።

«ኮኩ ይጣፍጥ ነበር?» አልኩት።

«የምን ኮክ?»

ፊቱን አየሁት። የሚያስመስል መስሎኝ ነበር። አያስመስልም። ረስቶታል። ጭማቂው አገጩ ላይ ሲወርድ ያየሁት ሰው፣ የሰውን ዕድሜና የሰውን እጅ የበላ ሰው፣ በልቶ ረስቶታል። ድምፄ ከፍ ማለቱን ያወቅሁት ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ እኔ ሲዞር ነው። ከመጋዘኑ ስብሰባ ጀምሬ ነገርኩት። ጠረጴዛው ላይ ስደርስ ዓይኑ በራ።

«እንዴ!» አለ። «ታዲያ ያጋለጥሻቸው አንቺ አልነበርሽም እንዴ?»

ያንን ግን እሱ አልረሳም ነበር።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩት፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ያ ወረቀት ውስጥ እኔም የለሁም፣ አንተም የለህም። አምጣው።»

ከእጁ ወሰድኩት። እስክሪብቶ ከኪሱ መዘዝኩ። «በትጋትና በታማኝነት» ከሚለው ሥር፣ በመስመሮቹ መሐል ጻፍኩ። ከዚያ ቆሜ አነበብኩት። «የተከሏቸው ዛፎች እንዳይመክኑ አስራ ሁለቱን ዩሪያ በመከልከላቸው፣ ሙሉ የተባለች ቴክኒሺያን አሳልፋ ሰጥታቸው፣ ምትኩ የተባለ ካድሬ አሳስሯቸው፣ አስራ አንድ ወር ታስረዋል።»

«ይኼ ለለቅሶ ቤት የሚሆን ነገር አይደለም» አለ ምትኩ፣ ወረቀቱን ሊቀበለኝ እጁን እየዘረጋ።

ከሴቶቹ በኩል፣ ፍራሽ ላይ የተቀመጡት ወይዘሮ ጫልቱ ቀና አሉ። ከዚያ ከሳህኑ ቀን ጀምሮ አንድ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም።

«አውራ ጣቱንም ጻፊ» አሉኝ።